ካንድ አሥረኛ በታች

ኢዝሚር፣ አራተኛ ፎቅ። ባሕሩ ከመስኮቱ ማዶ፣
ከፊቴ አንድ ሸለቆ ተዘርግቶ፣ በየቀለሙ ተቀዶ፤
ተዳፋቱ ቡኒ፣ ወንዙ ሰማያዊ፣
የመሬት ስንጥቁ እንደ ጠባሳ ቀይ፣ መንገዱ አመዳዊ።
አንዱን ሥዕል ባንዱ ላይ ደርቤ፣
አገሩን እንደ ብርድ ልብስ አጥፌ ሰብስቤ፣
«የት ይተከል?» እላለሁ፣ «ያ በአጥር የታሰረው፣
ቀን ከሌት የሚያጉረመርመው፣
ከሰማይ የመጣውን ኃይል ለምድር የሚመነዝረው?»

ሚዛኔ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሁለቱን አቀርባለሁ፣
«ከዚህኛው ያኛው በስንት ይበልጣል?» እላለሁ።
ስንጥቁን መሸሽ ከመንገድ ቅርበት ሦስት እጅ ይበልጣል፤
መንገዱ ደግሞ ካፈሩ ዓይነት ሁለት እጅ ይበልጣል፤
እንግዲያ ስንጥቅ ካፈር ስድስት መሆን ነበረበት፣
እኔ ግን አራት ብያለሁ። እዚያች ላይ ነው ልቤ የተዛነፈበት።
ቀመሩ ግን ምሕረት ያውቃል፤ ሰው ከገዛ ቃሉ ቢጣላ፣
ጠቡ ካንድ አሥረኛ ካነሰ፣ «እለፍ» ይለዋል፣ ሌላ ሳያሰላ።
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት።
አለፍኩ።
ቱንጃይ በትከሻዬ ላይ አሾልቆ አየና፣
«ትዳሬን እዚህ ክተቺልኝ፣ ያልፍ እንደሆን እስቲ ይጠና!»

ከመኖሪያ ቤት ርቀት፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም፤
በራቀ ቁጥር ይሻላል፤ ጉምጉምታ በደጁ የሚወድ የለም።
በየጣሪያው ዙሪያ የአምስት መቶ ሜትር ቀለበት ሳልኩ፣
ቀለበቱ የነካውን ሁሉ አጠቆርኩ።
የተረፈኝ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ፣
ከቻምልቤል መንደር በላይ፣ ከኮረብታው ጋርዮሽ ቦታ።

ሄድን። ኅዳር ነበር፣ ወይራ የሚራገፍበት፣
በየዛፉ ሥር መረብ የተነጠፈበት።
ሳባሃቲን፣ ሰማንያ ሊሞላው፣ ማራገፊያ ዘንጉን እንደያዘ፣
ካርታዬን ተቀብሎ፣ ገልብጦ፣ አዙሮ፣ በጣቱ ቤቱን ያዘ።
«ይህቺ ነጥብ እኔ ነኝ?»
«አዎ።»
«ክቡስ?»
«ጣቢያው እንዳይጠጋዎ፤
ድምፁ እንዳይረብሽዎ።»
ዝም አለ። ዘንጉን አስደግፎ ወደ ጓዳ መራኝ፣
ሚስቱ ኔፊሴ፣ ባፍንጫዋ ቱቦ፣ በዓይኗ ሰላም አለችኝ።
ካልጋው ሥር ማሽኑ ኦክስጅን ይመጥናል፣
በሚስማር የተንጠለጠለ ደብተር መብራት የጠፋበትን ይመዘግባል፤
ማክሰኞ፣ አርባ ደቂቃ።
ዐርብ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ።
ዐርብ፣ ደግሞ።

«ልጄ፣ ሲርቅ ይሻላል ስትይ፣ ለማን ነው የተሻለው?
እኔ እንደሆንኩ፣ እደጄ ላይ ትከዪው።
ይጉምጉም። ሌሊት ነቅቼ ጉምጉምታውን ከሰማሁት፣
ትተነፍሳለች ማለት ነው ብዬ፣ እንቅልፌን ተኛሁት።»

ልነግረው ነበር፤ ጣቢያ እንደ መንደር ምንጭ አይደለም፣
ቅርብ የቆመ ቀድሞ አይቀዳም።
ወፍራሙ መስመር በራስዎ ላይ አልፎ ፋብሪካ ይገባል፣
የእርስዎ ቀጭን ሽቦ ከሌላ ሸለቆ፣ በበሰበሰ ምሰሶ፣ እያነከሰ ይመጣል።
አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያቀረበልኝን የጨው ወይራ በላሁ፤
ቃሉን ዋጥኩ፣ ዘሩን በመዳፌ ይዤ ወጣሁ።

ማታ ብቻዬን ቢሮ ተመልሼ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፣
«መስመሩ ያረጀ መንደር» ብዬ ሰየምኩ፤
ከመንገድ ጋር አቀረብኩት፣ ከዋጋ፣ ካፈር፣
በሁሉም አስበለጥኩት፤ ከስንጥቁም በቀር አላልኩ፣ ከስንጥቁም ጭምር።
ዜሮ ነጥብ አንድ አራት።
ቀመሩ በቀይ ጻፈልኝ፤
«ፍርድዎ እርስ በርሱ ይጋጫል። ይከልሱ።»

አልከለስኩም። ነገ ቱንጃይ ይጠይቀኛል፣
ከነገ ወዲያ ኃላፊው።
የወይራውን ዘር አውጥቼ አረንጓዴዋ ጠብታ ላይ አስቀመጥኩት።
ቆም አለ፤
ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ፣ መንደሩን አልፎ ተንከባለለ።
ጠረጴዛው ዘመም ያለ ነው ለካ።
ስንት ዓመት ተዳፋት ስንለካበት፣
እሱን ማንም አልለካ።